ኦርኪድ በጥቅምት አጥንት አይፈልግም፦ በብርዱ ወራት ማዳበሪያ አሰጣጥ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» እንላለን። ብርድ ሲገባ ሰው ጠንከር አድርጎ መብላት አለበት ነው ነገሩ። እኔም ኦርኪድ የሚባሉትን የቤት አበባዎቼን በዚሁ ሕግ ነበር የማስተዳድራቸው። ጥቅምት ሲጠባ ማዳበሪያውን አበዛሁላቸው። ታኅሣሥ ላይ ከአራቱ የሁለቱ ሥር ጠቁሮ አገኘሁት።

ተረቱን ብቻ አልወቅስም። የአክስቴ ልጅ ኦርኪዶቹን ከአዲስ አበባ ስታመጣልኝ መትከያው ውስጥ አንዲት የእንግሊዝኛ ካርድ ተሰክታ ነበር። በስልኬ አስተረጎምኳት። «በክረምት ማዳበሪያ አቁሙ» አለችኝ። ለባሕር ዳር ሰው ክረምት ሲባል ምን ይመጣለታል? ዝናብ፣ ጭቃ፣ ጣናን የሸፈነ ደመና። ሰኔ መጨረሻ ላይ አቆምኩ። ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ አስጾምኳቸው። መስከረም ላይ አስፈሰክኳቸው። ጥቅምት ላይ ደግሞ አጥንቱ መጣ።

ካርዷን የጻፈው ሰው ክረምት ያለው የራሱን አገር ብርድ ነው። የእነሱ ብርድ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። ያ ለእኛ በጋ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ወሩ ሌላ። ግን ወሩን ብናስተካክል እንኳ ምክሩ እንዳለ አይሠራልንም። ምክንያቱን ካላየን ተመልሰን እንሳሳታለንና ትንሽ እዚህ ላይ ልቆይ።

ሰሜን አውሮፓ ውስጥ በታኅሣሥ ቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱም ደመና ነው። ተክል ያለ ብርሃን ምግብ አይሠራም፤ ካልሠራ አያድግም፤ ካላደገ ማዳበሪያውን አይጠቀምበትም። ስለዚህ ያቆማሉ። ቤታቸው ግን ማሞቂያ አለው፤ ኦርኪዱ ሌሊቱን ሳሎን ውስጥ ሞቆት ያድራል። የእኛ ተቃራኒው ነው። ባሕር ዳር በታኅሣሥ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይረዝማል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ከሰኔ ቀን ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሌሊቱ ግን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለን ሰዎች ስለሆንን ቆፈን አለው። ቀን 26 ዲግሪ የነበረው በረንዳ ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። እነሱ ሙቀት አላቸው፣ ብርሃን የላቸውም። እኛ ብርሃን አለን፣ ሌሊቱ ሥሩን ያቀዘቅዝብናል። በዚህ ምክንያት እኛ ማዳበሪያ ማቆም የለብንም። መቀነስ፣ ማቅጠንና ሰዓቱን መምረጥ ነው ያለብን።

ከዚህ በታች ያለው ባለፉት ብርዶች የሠራልኝ አካሄድ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥር መጨረሻ ይሠራል።

1. መጀመሪያ የያዛችሁት ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ኦርኪድ ሁሉ አንድ አይደለም። እዚህ ከተማ በየቤቱ የማየው በብዛት ፋሌኖፕሲስ ነው። ሰፋፊ፣ ወፍራም፣ መሬት ላይ የተነጠፉ የሚመስሉ ቅጠሎች አሉት፤ ከመካከላቸው ረጅም ዘንግ ይወጣና ቢራቢሮ የሚመስሉ አበቦች ይደረደሩበታል። ትውልዱ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው፤ ዛፍ ላይ ተለጥፎ የሚኖር። ምግብና ውሃ የሚያከማችበት ወፍራም ግንድ የለውም፤ ያለውን በቅጠሉና በሥሩ ይዞ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ይበላል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለእሱ ነው።

ግንዱ እንደ ቀጭን ሸንበቆ አንጓ አንጓ ያለው ከሆነ ዴንድሮቢየም ነው። ከዴንድሮቢየም ውስጥ ደግሞ በብርድ ቅጠሉን የሚያራግፍ ዝርያ አለ። ሲያራግፍ ሞተ ብላችሁ አትደንግጡ፤ ተኝቶ ነው። ለእሱ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ማዳበሪያ ጭራሽ አትስጡ፤ ውሃውንም ግንዱ እንዳይጨማደድ ያህል ብቻ። አንጓው ላይ እምቡጥ ሲወጣ በግልጽ እስክታዩ ድረስ ጠብቁ። በዚህ ጊዜ ከማዳበሪያው ናይትሮጅን ካገኘ በአበባ ፋንታ ትናንሽ ችግኞች ያወጣል። ቅጠሉን የማያራግፈውን ዴንድሮቢየም ግን እንደ ፋሌኖፕሲሱ አድርጋችሁ ያዙት።

ሲምቢዲየም ያላችሁ፣ ቅጠሉ እንደ ረጅም ሣር የሆነው ማለቴ ነው፣ ዕድለኞች ናችሁ። ያ የቀዝቃዛ ሌሊት ወዳጅ ነው። በረንዳ ላይ ተዉት፤ ቀጠን ያለ ማዳበሪያም አይጎዳውም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን የቡና ጫካዎች የጥላ ዛፎች ላይ የራሳችን ኦርኪዶች አሉ፤ ነጭ አበባ የሚያወጣው አኤራንጊስ አንዱ ነው። ወደ ዘጌም ሆነ ወደ ደሴቶቹ ስትሻገሩ ዛፍ ላይ የተለጠፈ ካያችሁ እዚያው ተዉት። ኦርኪድ በሙሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ያንን ብንተወው እንኳ ከዛፉ የተገነጠለ ኦርኪድ ሥሩ ቅርፊቱ ላይ ይቀራል፤ ቤት ገብቶም ብዙ አይቆይም።

2. ሥሩን ሳታዩ አትመግቡ

ማዳበሪያ ከመበጥበጣችሁ በፊት ኦርኪዱን ወደ መስኮት አምጡና ሥሮቹን አንድ በአንድ እዩ። የኦርኪድ ሥር ነጭ ስፖንጅ የመሰለ ልባስ አለው። ደረቅ ሲሆን ብርማ ነው። ውሃ ሲነካው በዓይናችሁ ፊት አረንጓዴ ይሆናል። ልጆች ይህንን ማየት ይወዳሉ፤ እኔም።

የምትፈልጉት ጫፉን ነው። የክብሪት ራስ የምታህል፣ እንደ ጥሬ ባቄላ አረንጓዴ የሆነች፣ የምታብረቀርቅ ጫፍ ካለች ሥሩ እያደገ ነው፤ መብላት ይችላል። ጫፉ በነጩ ልባስ ተሸፍኖ ከተዘጋ ሥሩ ቆሟል፤ ባዶ ውሃ ብቻ ስጡት። ጫፉ ጠቁሮ ከደረቀ ደግሞ ወይ ብርድ መትቶታል ወይ ጨው አቃጥሎታል፤ ማዳበሪያውን ወደ ቁም ሳጥን መልሱ።

ሥሩ ባይታያችሁ ላይኛውን ቅጠል እዩ። መካከል ላይ አዲስ ቅጠል ምላሱን አውጥቶ ከሆነ እያደገ ነው። እኔ በየሳምንቱ እሑድ ጠዋት ቅጠሏ ላይ በእስክሪብቶ ሳይሆን ቁራጭ ክር አስሬ ነው የምለካው። ሰው ቢያየኝ ይስቃል፤ ግን ወር ከመቁጠር ይሻላል።

3. ማደሪያውን አስተካክሉ

ይህን ሳታደርጉ ማዳበሪያ መስጠት ለበረደው ሰው ክትፎ እንደማቅረብ ነው። ፋሌኖፕሲስ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድበት ሥሩ ሥራ ይፈታል። ያፈሰሳችሁለት ማዳበሪያ ሳይጠጣ መትከያው ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ሆኖ ይቀራል። የእኔ ሁለቱ የጠቆሩት እንዲህ ነው።

ስለዚህ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። ቤት ውስጥ ሆኖ የመስኮት መስተዋት እንዲነካ አታድርጉ፤ መስተዋቱ ሌሊት በረዶ ነው። ከሐይቁ ማታ የሚነሳው ነፋስ ፊት ለፊት የሚገባበት በር አጠገብም አይሆንም። ትንሽ የግድግዳ ቴርሞሜትር ብትገዙ ክርክሩን ያሳጥርላችኋል።

ቀን ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በሰኔ ጥላ የነበረው ወደ ደቡብ የሚያይ በረንዳ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ እስከ ግድግዳው ድረስ ይገባበታል። ቅጠሉ ላይ እንደ ሲጋራ ቃጠሎ ያለ ጠባሳ የምታዩት ከዚህ ነው፤ ማዳበሪያውን አትክሰሱ። ስስ መጋረጃ በቂ ነው።

4. ማዳበሪያውን ምረጡ

ለገበሬ የሚታደለው ማዳበሪያ ቤታችን አካባቢ በቀላሉ ስለሚገኝ ፈተናው ብዙ ነው። ዘመድ ከገጠር ሲመጣ ጭብጥ ጭብጥ ይዞ ይመጣል። አትጠቀሙበት። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ለማሳ አፈር የተሠራ ነው፤ በጣት ቁንጥር ቢሳሳቱ ኦርኪድ ይቃጠላል። ኤንፒኤስ የሚባለው 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ድኝ ነው። ፖታሽየም የሚባል የለበትም፣ ጥራጥሬውም ጥርት ብሎ አይሟሟም። ዳፕም እንዲሁ ፖታሽየም የለውም። በቆሎ ሌላ፣ ኦርኪድ ሌላ።

የምትፈልጉት ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ነው። ፓኮው ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፋሉ፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፌት (ፎስፈረስ)፣ ፖታሽ (ፖታሽየም) በቅደም ተከተል። 20-20-20 የሚለው ይበቃል። «አበባ አስወጪ» ተብሎ መካከለኛው ቁጥር ከፍ ያለውን በውድ ዋጋ አትግዙ። ፋሌኖፕሲስን አበባ የሚያስወጣው ፎስፈረስ አይደለም። ቀኑ ከ26 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ሌሊቱ ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቀዝ ሲልለት ነው ዘንግ የሚያወጣው። ያንን ባሕር ዳር በነፃ ይሰጣል።

አሁን ወደ ቡና አተላ ልምጣ። ጎረቤቴ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ ያለው ጽጌረዳ እንደ እርሳቸው የተከበረ ነው። ቡና ጠጥተን ስንጨርስ ጀበናውን አንስተው ወደ ኦርኪዴ ሲሄዱ ደረስኩባቸው።

«እትዬ፣ እባክዎ ይተዉት! ለእሱ አይሆንም።»

«ምን ይሆናል አንቺ ልጅ? የእኔ ጽጌረዳ ይኸው ስንት ዓመቱ በአተላ።»

ጽጌረዳቸው አፈር ላይ ነው። አፈር ውስጥ አተላውን የሚያብላላ ፍጥረት ሞልቷል። ኦርኪድ ግን ያለው የዛፍ ቅርፊትና የከሰል ስብርባሪ ውስጥ ነው፤ ሥሩ የሚኖረው በመካከሉ ባለው አየር ነው። አተላው ያንን አየር ይደፍነዋል፣ ይሻግታል፣ ትንኝ ይጠራል። የሩዝ እጣቢም፣ የእንቁላል ቅርፊትም፣ ፍግም ለእዚህ መትከያ አይሆንም። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ሰሙኝ፤ ግን አሁንም ጀበና ይዘው ሲነሱ በዓይኔ እከተላቸዋለሁ።

5. ልኩን በጥብጡ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በልኩ ነው፣ ምክንያቱም የሚያስፈልገው በጣም ትንሽ ነው።

የብርዱ ወራት ልክ፦ በ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ 5 ግራም 20-20-20። 5 ግራም ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሳይቆለል፣ በቢላ ጀርባ ተጠርጎ። በዚህ ልክ በአንድ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይገባል። ፓኮው ላይ ለአበባ ተብሎ ከተጻፈው ብዙ ጊዜ ሩብ ያህል ነው። ያንሳል ብላችሁ አትጨምሩ።

አራት ኦርኪድ ያለው ሰው 20 ሊትር ምን ያደርግለታል? ለዚህ እናት ብጥብጥ እሠራለሁ። 5 ግራሙን በአንድ ሊትር ውሃ አሟሟዋለሁ። ከዚያ በፈለግሁበት ቀን ከእናቱ 50 ሚሊ ሊትር ወስጄ በአንድ ሊትር ባዶ ውሃ ላይ እጨምራለሁ። ልኩ ያው ይሆናል። 50 ሚሊ ሊትር ለመለካት ከፋርማሲ የምትገዙት ባለ 10 ስሪንጅ፣ መርፌው ሳይኖር፣ አምስት ጊዜ ነው። ሲኒ የሚጠቀሙ አሉ፤ ግን ሲኒ ሁሉ አንድ ዓይነት አይይዝም። መጀመሪያ በስሪንጁ ለኩት።

ስለ እናት ብጥብጡ ዕቃ አንድ ጊዜ ደንግጫለሁና ስሙኝ። ሃይላንድ ውስጥ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ቀለሙ ስስ ሰማያዊ ነው፣ ጭማቂ ይመስላል። የእህቴ ልጅ ክዳኑን ከፍቶ አፉ ጋ ሲያደርስ ነው የደረስኩት። አሁን ከመጠጥ ዕቃ ጋር በማይመሳሰል ጥቁር ጠርሙስ ነው የማስቀምጠው፤ «መርዝ» ብዬ በቀይ ጽፌበታለሁ። መርዝ ባይሆንም ልጅ ለማራቅ ይጠቅማል። ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል። ከወር በላይ አላቆየውም፤ ከደፈረሰ አስወግደዋለሁ።

ውሃውስ? የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ውስጡን እዩ። ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ውሃችሁ ማዕድን አለው፤ ኦርኪዱ ላይም ያው ይጋገራል፤ ማዳበሪያውን ይበልጥ አቅጥኑ። የሚሻለው የዝናብ ውሃ ነው። በነሐሴ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን፣ መጀመሪያ ጣሪያው በደንብ ታጥቦ ካለቀ በኋላ፣ በበርሜል አጠራቅማለሁ። በርሜሉ ይከደን፣ በወንፊት ጨርቅም ይታሰር። የጣና ዳር ሰው ወባን አያውቅም አይባልም፤ ለኦርኪድ ብለን ትንኝ አናርባ።

ውሃው የቤት ሙቀት ይኑረው። ንጋት ላይ ከደጅ የመጣ ጀሪካን በቀጥታ አታፍስሱ። እኔ ማታ ኩሽና አስገብቼ አሳድረዋለሁ። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን እንደሆነ ጀሪካኑ ቤት ውስጥ ተደርድሮ ነው የሚያድረው፤ በዚህ ብቻ የውሃ መጥፋት ጠቀመኝ።

6. አፈሳሰሱ

ጠዋት ነው። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ቤቱን ስታሞቀው። ማታ የረጠበ ኦርኪድ ብርዱን ረጥቦ ያድራል፤ ለመበስበስ ከዚህ የተመቸ የለም።

መጀመሪያ ባዶ ውሃ አጠጡ። ይህን አትዝለሉ። ደረቅ ሥር ማዳበሪያ ሲነካው ያቃጥለዋል፤ የረጠበ ሥር ግን ቀስ ብሎ ይወስዳል። ብርማው ሥር አረንጓዴ እስኪሆን ጠብቁ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። በዚህ መካከል ሻይ ይጠጣል።

ከዚያ የበጠበጣችሁትን በመትከያው ዙሪያ ቀስ እያላችሁ፣ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ አፍስሱ። ለአንድ መካከለኛ መትከያ ግማሽ ሊትር ያህል ይሄዳል። ቅጠሎቹ የሚገናኙበት እምብርት ላይ አታፍስሱ። ከገባ በለስላሳ ወረቀት ጫፍ አስመጥጣችሁ አውጡት። እዚያ ያደረ ውሃ አንድ ብርዳም ሌሊት ይበቃዋል፤ ጠዋት መካከለኛው ቅጠል ሲነካ ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ሩብ ሰዓት ይንጠፍጠፍ። ከሥሩ ያለው ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። መልሳችሁ ለሌላው ኦርኪድ አታጠጡት፤ አንዱ የታመመ ከሆነ ሁሉንም ታዳርሳላችሁ።

ቅጠል ላይ በስፕሬይ መርጨትን ብዙ ሰው ይወዳል። እኔ አልወደውም። ጨው ጠብታ ጠብታ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይደርቃል፣ ያበላሸዋል፣ ጥቅሙም ጥቂት ነው።

7. ዙሩን ያዙ

በብርዱ ወራት የእኔ ፋሌኖፕሲስ በ7 ወይም በ8 ቀን አንዴ ውሃ ይጠጣል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ከዚያ ቀድሞ የሚደርቅባችሁ ትኖራላችሁ፤ ጣታችሁን ቅርፊቱ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብታችሁ ዳስሱ። ዙሩ እንዲህ ነው፦ ማዳበሪያ፣ ባዶ ውሃ፣ ማዳበሪያ፣ ማጠቢያ። አራት ውሃ፣ ሁለቱ ብቻ ማዳበሪያ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

ማጠቢያ የሚባለው ይህ ነው፤ መትከያውን የመታጠቢያ ገንዳ ላይ አስቀምጣችሁ የመትከያውን ሦስት እጥፍ የሚሆን ባዶ ውሃ በዝግታ ታሳልፉበታላችሁ። አንድ ሊትር የሚይዝ መትከያ ከሆነ ሦስት ሊትር። ተጠራቅሞ የቀረውን ጨው ይዞት ይወርዳል። በተለይ ከሰል ውስጥ የተከላችሁ ይህን አትርሱ፤ ከሰል ጨው ይዞ ያቆያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሦስት ሊትር ማፍሰስ ልብ ያደማል፤ እኔ የወረደውን ለጽጌረዳ እሰጠዋለሁ። እትዬም ደስ ይላቸዋል።

ዘንግ ሲወጣ

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከቅጠል ሥር አዲስ ነገር ብቅ ሲል ሥር ነው ወይስ የአበባ ዘንግ? ጫፉን እዩ። ሥር ከሆነ ክብ ነው። ዘንግ ከሆነ ጠፍጠፍ ብሎ የልጅ ጓንት ይመስላል፤ ወደ ብርሃንም ያዘነብላል። ዘንግ አየሁ ብላችሁ ማዳበሪያ አትጨምሩ። ዙሩ እንዳለ ይቀጥል።

እምቡጡ ቢጫ ሆኖ ቢረግፍስ? ወዲያው ማዳበሪያ አነሰው ይባላል። እኔም ብዬ ነበር፤ ሆኖም ጥፋተኛው ጭስ ነበር። ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጊዜ ጀምሮ ያለ ልማድ ነው። ጭስ ውስጥ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለ፤ እምቡጥን ያራግፋል። የበሰለ ሙዝም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ ኅዳር 11 ማታ እምቡጥ ያለውን ኦርኪድ ውስጠኛው ክፍል አስገብታችሁ በሩን ዝጉ። ሙዝ ያለበት ትሪ አጠገብም አታድርጉት። ቡና የሚፈላበት ክፍል፣ ከሰሉና ዕጣኑ ስላለ፣ የእሱ ቦታ አይደለም።

ሲበዛ፣ ሲያንስ

የበዛበት ኦርኪድ ምልክቱ ሦስት ነው። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ የሥሩ ጫፍ ይጠቁራል፤ በመትከያው ከንፈርና በዛፍ ቅርፊቱ ላይ ነጭ የጨው ቅርፊት ይጋገራል። ሦስቱም ባይኖሩ አንዱ ይበቃል። ወዲያው እጠቡት፣ ሦስት እጥፉን ውሃ። በሳምንቱ ድገሙት። ከዚያ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማዳበሪያ የለም። የሞተውን፣ ሲጫኑት የሚላጠውን ባዶ ሥር በእሳት ባለፈ መቀስ ቁረጡ፤ ጠንካራውን አትንኩ። ከእኔ ሁለት ሕሙማን አንዷ በዚህ ተርፋለች። ሌላዋ አልተረፈችም፤ የተቀረላት ሥር አንድ ብቻ ነበር።

ያነሰበት ኦርኪድ ግን አይሞትም። አዲሱ ቅጠል ከአሮጌው ያንሳል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ በቃ። የካቲት ላይ ታክሱታላችሁ። ታችኛው አንድ ቅጠል ብቻ ቀስ እያለ ቢጫ ቢሆን ደግሞ እርጅና ነው፤ ተዉት፣ ራሱ ይረግፋል።

ብርዱ ሲያልፍ

ጥምቀት አልፎ ጥር ሲያልቅ ሌሊቱ ለቀቅ ይላል። ቴርሞሜትሩ ንጋት ላይ ከ15 በላይ ማሳየት ሲጀምርና አረንጓዴዋ የሥር ጫፍ ስትበዛ ልኩን ከፍ አድርጉ፤ በ20 ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ። ዙሩም ሦስት ማዳበሪያ፣ አንድ ማጠቢያ ይሁን። መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ ሲበረታ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይፈለጋል፤ የዚያን ጊዜ ማጠቢያውን የዘለለ ሰው በግንቦት ነጭ ቅርፊት ያጭዳል።

ክረምት፣ የእኛው ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ መትከያው ውስጥ ያለው የዛፍ ቅርፊት አልደርቅ ይላል። ያኔ ውሃ ራሱ ስለሚራራቅ ማዳበሪያውም በሦስት ሳምንት አንዴ ይሆናል፣ በአንድ ማንኪያው ልክ። ማስጾም ግን የለም። በረንዳው ጫፍ ላይ በርሜሉን አስቀምጡና ለታኅሣሥ ውሃ አጠራቅሙ።

የተረፈችዋ ኦርኪዴ አሁን መስኮቱ ሥር ናት። ካርዷን አልጣልኳትም፤ መትከያው ውስጥ እንደተሰካች ነው። «ክረምት» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዤ «ብርድ» ብዬበታለሁ። «አቁሙ» የሚለውንም ሰርዤ «አንድ ማንኪያ በጀሪካን» ጽፌበታለሁ። ዛሬ ጠዋት ስቆጥር አምስት አረንጓዴ ጫፍ አላት።